ግሪሳ የወሰደው ዋስ

«ወፍ ሊገድል?» አሉ አያ ጋረደው።

«አዎ፣ አያ።»

«በአውሮፕላን?»

«በአውሮፕላን።»

አያ ጋረደው ከተቀመጡበት የጠፍር አልጋ፣ ከአንገረቡ፣ ወደ ፊት ሳብ ብለው አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ላቀውን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሰማዩን አዩ። «ስማ ታምሬ፣ እኔ ለልጄ ትዳር ዋስ የሚሆን ሰው አምጡ ነው ያልኩ። ወፍ ማሳደድማ እኔም ጥርሴን ሳልነቅል የሠራሁት ሥራ ነው። ወንጭፍ ይበቃዋል። አውሮፕላን ምን ያደርግለታል?»

«ተራ ወፍ አይደለም እኮ፣ ግሪሳ ነው። ቀን ማሽላውን ሲያወድም ይውልና ፀሐይ ልትገባ ስትል አንድ ጫካ ላይ ይሰፍራል። ያን ጊዜ ዋስ የሚሆነን ካፕቴን በላዩ ይመጣና መድኃኒት ይረጭበታል፤ በዚያው ይቀራል።»

«ሊተኛ ሲል?»

«ሊተኛ ሲል።»

«ታዲያ ይኸ ምኑ ነው ወንድነቱ» አሉና ወደ ኋላ ተደገፉ።

ጀማሉ ሳቁን በጥምጥሙ ጫፍ ሸፈነ። ላቀው ግን አልሳቀም፤ ጫማውን ያያል። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይመጣም፣ አውቃለሁ። በስደት አገር ግን ሽማግሌውም፣ ሙሽራውም፣ ሎሪ ነጂውም አንድ መኪና ላይ ነው የሚሳፈሩት። እኛም ሦስታችን በጀማሉ ሎሪ ከገዳሪፍ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሠፈር ድረስ አቧራ ስንበላ የመጣነው የመጨረሻውን ቃል ለመቀበል ነበር። አሁን ሙሽራው ጫማውን ማየት ከጀመረ ነገሩ እየተበላሸ ነው ማለት ነው።

እኔ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ በአንድ ሱዳናዊ ነጋዴ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ላቀውና ካፕቴን አንዳርጋቸው ከእኔው ግቢ፣ ሱዳኖቹ ሆሽ ከሚሉት ማለት ነው፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ይኖራሉ ስል ላቀውን ማለቴ ነው፤ እሱ በአንድ ትልቅ የማሽላ እርሻ ትራክተር ይነዳል፣ ሲመሽ ይገባል። የካፕቴን ግን አልጋው ነው የሚኖር። አንድ ቀን ያድርና ጎህ ሳይቀድ ላንድሮቨር መጥቶ ይወስደዋል። ከዚያ አንዱ ሾፌር ከሰላ አየሁት ይላል፣ ሌላው ረሃድ ወንዝ ዳር ነው ያለ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኧረ ወድቆ ሞቷል ይላል። ለሟቹ ማዘን ስንጀምር እሱ ተቀምጦ ፉል ሲበላ እናገኘዋለን።

የሁለቱ ወዳጅነት የሚጀምረው ከድንበሩ ላይ ነው። ካፕቴን ደርግን የከዳ አብራሪ ነው። በአየር የኖረ ሰው ሲከዳ በእግሩ ነው የከዳ። ምነው አውሮፕላኑን ይዘህ ብትመጣ ብዬ ብጠይቀው «ቁልፉን ባለቤቱ ደብቆት» ብሎ ዝም አሰኝቶኛል። መተማ ቆላ ሲደርስ የእግሩ ቆዳ ተገፍፎ መቆም አቅቶት ነበር። ላቀውም ከዘመቻ ሸሽቶ ሲሻገር አገኘውና የጓንግን ወንዝ አዝሎ አሻገረው። ማዶ ሲያወርደው ካፕቴን፣ «በሠርግህ ቀን የትም ብሆን እመጣለሁ። ዘመድ በሚቆምበት ቦታ እኔ እቆምልሃለሁ» አለው። ይኸን ቃል ላቀው ለሰው ሁሉ አውርቶታል፤ ለአያ ጋረደው ጭምር። ለሳቸው ባያወራው ይሻል ነበር።

ምክንያቱም አያ ጋረደው ከዋስ ጋር ቂም አላቸው። ትልቋን ልጃቸውን ገዳሪፍ ለሚሠራ አንድ ሰው ድረው ነበር። ዋሱም ጥሩ ተናጋሪ ነበር፤ እኔም ሠርጉ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ሲናገር ያስለቅሳል። ባልየው ፖርት ሱዳን ደርሼ ልምጣ ብሎ ቀረ። አያ ጋረደው ዋሱን ሊይዙ ገዳሪፍ ቢወርዱ የዋሱ በር ተቆልፎ፣ ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራይቶ አገኙት። ልጅቷም ልጇን አዝላ ከአባቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ለታናሿ ለማሬ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ስለ ባልየው አይጠይቁም። «ባልማ ይጠፋል፣ ባል ነውና። ዋሱ ግን መገኘት አለበት» ነው የሚሉት።

ላቀው ደግሞ ከካፕቴን በቀር በዚህ አገር የኔ የሚለው ሰው የለውም፤ ዘመዱ ሁሉ ማዶ ነው። እኔ ልሁን ብዬ ነበር። አያ ጋረደው ከእግሬ እስከ ራሴ አይተው፣ «አንተ መኪናህን ነቅለህ ለመሄድ ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» አሉኝ፤ የስፌት መኪናዬን ማለታቸው ነው። ጀማሉን ጭራሽ አልጠየቁትም፤ ሎሪ ያለው ሰው ዋስ ይሆናል ብሎ ማሰብ ለሳቸው ውሃን እሰሩልኝ እንደማለት ነው። ካፕቴንን ግን ሳያዩት ወደዱት። መንግሥት የሚያውቀው፣ ኸዋጃው፣ ፈረንጁ ማለት ነው፣ የሚሰማው፣ የት እንዳለ የሚጠፋ አይደለም ብለው ነው። እኛም አፋችንን ይዘን ዝም አልን።

አሁን ግን ወፍ ሲሉ ሰሙ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «የገና ጾም ሳይገባ ባለችው እሁድ ሰውየው መጥቶ እዚህ ከፊቴ ይቁም። ዓይኑን ልየው። ከቆመ ልጄን ውሰዱ። ካልቆመ ጾሙ ሲፈታ ለከሰላው ነጋዴ እሺታዬን እሰጣለሁ።»

የከሰላው ነጋዴ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። የሱ ዋስ ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ወንድሙ ወፍጮ ቤት አለው፣ ወፍጮ ቤት ደግሞ የትም አይሄድም። ስንወጣ ማሬን ከአጥሩ ሥር አየኋት። ላቀውን ሳታየው እኔን፣ «አያ ታምሬ፣ ያ ሰውዬ ካልመጣ ወፍጮ ቤት መግባቴ ነው። ዱቄት ደግሞ ያስነጥሰኛል» ብላኝ ገባች። ላቀው ይኸን እስከ ገዳሪፍ ሲያላምጠው መጣ።

ካፕቴንን ያገኘነው ከሦስት ይሁን ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ቁርስ ላይ። ላቀው የሆነውን ሁሉ ነገረው።

«እሁድ?» አለ ካፕቴን፣ የማያውቀው አገር ስም እንደተነገረው ሁሉ። «ላቀው፣ እኔ እሁድ የለኝም እኮ። ወፍ ያለበት ቀንና ወፍ የሌለበት ቀን ነው ያለኝ።»

«እና እሁድ ዕለት ወፎቹ የት ናቸው?»

«እነሱስ መች ያውቁታል።»

ከዚያ አሠራሩን አስረዳን። ገብረ ሥላሴ የሚባል ሰው አለ፤ በላንድሮቨር እየዞረ ግሪሳው የሚያድርበትን ጫካ ይፈልጋል። ሲያገኝ ለሙዲሩ፣ ለአለቃቸው ማለት ነው፣ ይነግረዋል። ሙዲሩ ካፕቴንን ይልከዋል። ካፕቴን በቅርብ ካለ ሜዳ ላይ ያርፍና ፀሐይ ልትገባ ስትል ተነሥቶ ይረጫል። ወፉ በመሀል ከተነሣ ግን ጫካው ባዶ ነው፤ እንደገና ፍለጋ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ነገሩን እንደ ሒሳብ ላስቀምጠው ብዬ ሞከርኩ፤ ወፍ ሲቀነስ እሁድ ስንት ይቀራል እያልኩ ስደምር ፉሉ አለቀብኝ።

«ብቻ እመጣለሁ» አለ ካፕቴን። «መላ አለኝ።»

መላው ምን እንደሆነ ሳይነግረን ላንድሮቨሩ ጥሩምባውን ነፋ። ቶሎ ተነሣ። ሜትሬን ይዤ ተከተልኩት፤ ለሠርጉ ኮት እንድሰፋለት ላቀው አደራ ብሎኝ ነበር።

«ቁም ልለካህ።»

«በዓይንህ ለካኝ» ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

የሚሮጥ ሰው ኮት በዓይን መለካት ቀላል አይደለም። ትከሻው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስለኛል፤ እንጃ፣ መኪናው ይሆናል ያዘነበለው። ብቻ ሰፋሁት።

ቅዳሜ ዕለት ዕቃችንን በሎሪ ጭነን ኡም ጋርጉር ገባን። ከመድረሳችን የሰማነው ወሬ ግሪሳ ነው። ከስደተኞቹ የማሽላ ማሳ አልፎ፣ ወንዙ ዳር ካለው የግራር ጫካ፣ ከሳምንቱ መሀል ጀምሮ ስፍር ቁጥር የሌለው ወፍ እያደረበት ነው። የአያ ጋረደው ማሳ ለጫካው ቅርብ ስለሆነ የግማሹ አገዳ ራስ ባዶ ሆኗል።

ላቀው ይኸን ሲሰማ ተቀመጠ። «በቃ። ወፉ እዚህ ከሆነ ካፕቴን ነገ ሥራ ላይ ነው።»

«ከሆነስ ቅርብ ነው አይደል?» አልኩ።

«ቅርብ ቢሆን ምን ይረባል? ቀኑን ሙሉ አውሮፕላኑን ሲሞላ ይውላል። ሲመሽ ይረጫል። ያ መድኃኒት የነካው ሰው ደግሞ ሠርግ ቤት አይገባም። ሙዲሩስ መች ይለቀዋል?»

«ቆይ እስኪ» አለ ጀማሉ። «ወፍ ከሌለ ሥራ የለም። ሥራ ከሌለ ካፕቴን አለ። እኛ ደግሞ ሁላችንም የማማ ልጆች ነን። ተነሡ።»

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እንከን አላገኘሁበትም። በመተማና በቋራ ቆላ ያደገ ሰው ሁሉ ማሽላ ሲያሸት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርር ነው ያደገው። ለካፕቴን አውሮፕላን የሚያስፈልገው ነገር ለእኛ የልጅነት ጨዋታ ነው። ለሠርጉ የመጣው ሰው ሁሉ፣ ነጭ ለብሶ የነበረውም ሳይቀር፣ ጣሳ የያዘ ጣሳ፣ ጅራፍ ያለው ጅራፍ ይዞ ሎሪው ላይ ወጣ። ወንጭፍ እዚያው ከገመድ ተጎነጎነ። አያ ጋረደው እንደ አማት ተኮሳትረው በሩ ላይ ቀሩ።

ብዙም አልቀሩ። ጫካው ዳር ደርሰን ላቀው የመጀመሪያውን ድንጋይ ወንጭፉ ውስጥ አስገብቶ ሲያሽከረክር ከኋላችን ድምፅ ሰማን።

«ተው። አያያዝህ የደገኛ ነው።»

በእግራቸው ተከትለውን መጥተዋል። ወንጭፉን ከእጁ ወስደው ድንጋዩን በጣታቸው መዘኑት፣ አልወደዱትም፣ ሌላ አነሡ። ከዚያ ክንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ አዞሩት። የገመዱ ጫፍ ሲጮህ ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ድንጋዩ ግራሩ አናት ላይ ገባ፤ ጫካው በሙሉ ተነሣ። ዛፍ ነው ያልነው ሁሉ ለካ ወፍ ነው። ፀሐይዋ ለአፍታ ጠፍታ እንደገና መጣች።

ከዚያ ወዲያ አያ ጋረደውን የሚያቆም አልተገኘም። «አንተ በወንዙ በኩል ዙር። ጣሳውን አሁን አትምታ፣ ሲመለሱ ነው። ላቀው፣ በእኔ በኩል፤ ክርንህን ዝቅ።» ላቀውም ክርኑን ዝቅ አደረገ፤ ወረወረ፤ ድንጋዩ የታለመለት ቦታ ደረሰ። «እንደዚያ ነዋ» አሉት። በሁለት ዓመት ውስጥ ለላቀው የተናገሩት የመጀመሪያው ደህና ቃል ይኸ ነበር።

ፀሐይዋ ልትገባ ስትል አውሮፕላን ሰማን። ቢጫ ናት፣ ትንሽ ናት፣ ከወንዙ በኩል ዝቅ ብላ ዛፎቹን ልትነካ እየቃጣት መጣች። «ካፕቴን ነው» አለ ላቀው። በላያችን ስታልፍ በመስኮቱ እጁ ይታየናል፤ በኃይል እያወዛወዘ ነው። እኛም አወዛወዝን። ዞሮ መጣ፣ አሁንም እጁን አወዛወዘ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጀማሉ ሎሪው ጣራ ላይ ወጥቶ እስክስታ ወረደ። ካፕቴን ሦስተኛ ዞረ፣ ከመስኮቱ ግማሽ አካሉ የወጣ እስኪመስለን ድረስ አወዛወዘልንና ወደ ምሥራቅ ሄደ።

«ዋስህ ሰላምተኛ ነው» አሉ አያ ጋረደው ላብ እየጠረጉ።

«ሥራው እንዳለቀለት አየ» አለ ጀማሉ። «ነገ በጠዋት እዚህ ነው።»

ያን ቀን እራት ላይ አያ ጋረደው የመጀመሪያውን ድንጋይ እንዴት እንደወረወሩ ለባለቤታቸው ለእትዬ ወለተ ማርያም ነገሯቸው። ደግመውም ነገሯቸው።

እሁድ ጠዋት ዳሱ ሞላ። ሽማግሌዎቹ በቀኝ፣ እኛ በግራ። የካፕቴንን ኮት እንዳይጨማደድ ብዬ የዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። ረፋድ ሆነ፤ ካፕቴን የለም። ከከሰላ የመጣ አውቶቡስ ሾፌር ጠየቅን፤ ትናንት ከሰላ ነበር አለ። «ትናንትማ እዚህ ነበር» አልነው። «እንግዲያው ሁለት ናቸው» ብሎ ሄደ። አንዱ ደግሞ ጠዋት ወደ ረሃድ ሲበር ሰምቻለሁ አለ፤ እንዴት ካፕቴን መሆኑን አወቅህ ቢሉት በድምፁ አለ።

አያ ጋረደው ከፊታቸው የተሰቀለውን ኮት ሲመለከቱ ቆዩና፣ «ኮቱ መጥቷል። ሰውየውስ?» አሉ።

ላቀው እንደገና ወደ ጫማው ወረደ።

ፀሐይዋ ከአናት ስትደርስ ላንድሮቨር መጣ። ሁላችንም ተነሣን። የወረደው ግን ካፕቴን አይደለም፤ አቧራ የለበሰ ቀጭን ሰው ነው። «ገብረ ሥላሴ እባላለሁ» አለ፤ ሰላምታ አልጨመረም። «ትናንት እዚያ ጫካ ወፍ ያባረረው ማነው?»

«እኛ ነን» አለ ጀማሉ በኩራት።

ገብረ ሥላሴ አንድ በአንድ አየን። «ካፕቴን ሙዲሩን ለምኖ ለምኖ ይኸንን መንጋ ለቅዳሜ አስቀመጠው። ሐሳቡ ቅዳሜ ማታ ሊረጨው ነበር። በማግሥቱ ምን ያህል እንደሞተ እኛ ስናይ እሱ ሥራ የለውም፤ እዚሁ አጠገባችሁ ይውላል። ለዚህ ሠርግ ብሎ። እኔ ሦስት ሌሊት ያንን ወፍ እንዳይነሣ እንደ ልጅ ስጠብቀው ነው ያደርኩ። አሁን ወፉ በሕይወቱ ሄደ። ካፕቴንም ሙዲሩ ፈልገህ አግኝ ብሎት ከንጋት ጀምሮ ሰማይ ላይ ነው።»

«እጁን ያወዛውዝልን ነበር እኮ» አልኩ።

«ከጫካው ውጡ ማለቱ ነበር። ጣቱ መርጫው ላይ ነበር። ነጭ ልብስ አይቶ ነው የተወ።»

የጀማሉ የእስክስታ ትከሻ ዝቅ አለ።

አያ ጋረደው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያም ሆነ ይህ ዋሱ የለም። እኔ ቃሌን ተናግሬያለሁ። ማዕሌሽ» አሉ። ማዕሌሽ የሱዳን ቃል ነው፤ አይዞህ፣ ይቅር፣ ምን ይደረግ ማለት ነው፤ ላቀው ግን ወፍጮ ቤት ማለት መስሎ ነው የተሰማው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

ከማጀቱ በኩል የእትዬ ወለተ ማርያም ድምፅ መጣ። «የመጀመሪያውን ድንጋይ ማን ወረወረ ነበር ያልከኝ?»

አያ ጋረደው ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ብትነግረኝ ኖሮ እረሳው ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ መሀል አንድ የቋራ ሰው ጺሙን አሻሸ። «በአገራችን ሕግ» አለ፣ «የሰው በሬ ከማሰሪያው ፈትቶ የለቀቀ በሬውን ይተካል።»

«ዋስ የለቀቀስ?» አለ ጀማሉ።

«ዋስ ይተካል።»

«ልተካ፣ ማንን ልተካ?» አሉ አያ ጋረደው። «የኔም ዘመድ ማዶ ነው። ይኸ ሁሉ ሰው እግሩን አንሥቶ ሂያጅ ነው።»

«አንተ አለህ አይደል» አሉ እትዬ ወለተ ማርያም።

ነገሩ የተወሳሰበው ከዚህ በኋላ ነው። አያ ጋረደው ሽማግሌዎቹን ይዘው ተከራከሩ። «ላቀው ልጄን ቢበድል እኔ ሽማግሌ ይዤ ዋሱ ቤት እሄዳለሁ። እሺ። ዋሱ እኔ ነኝ። እንግዲህ ከቤቴ ወጥቼ ወዴት ነው የምሄድ?»

«አትወጣም፤ ትጠብቃለህ» አለ የቋራው ሰው።

«ማንን?»

«ራስህን።»

«ዋሱስ አጥፊውን አላመጣም ቢል?»

«ትከሰዋለህ።»

«ቢፈረድበት ከኔ ነው የሚወጣው።»

«ለአንተው ነው የሚገባ» አለ ጀማሉ፤ ያ ነገር ግልጽ ያደረገ መስሎት።

ይኸን ክርክር እስከ ዛሬ በደንብ ገብቶኛል የሚል ሰው ከመካከላችን የለም። ማሬ ምን ትላለች ተብሎ ወደ ውስጥ ተላከ። «ዋሱን አውቀዋለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትንሽ ይጮሃል እንጂ» ብላ መለሰች።

አያ ጋረደው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ፤ ሰው ስቆ ሲጨርስ እሳቸው ሌላ ቦታ እያዩ ነበር። ትልቋ ልጃቸው ከዳሱ ጠርዝ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶታል። ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ተነሡ፣ ወደ ምሰሶው ሄዱ፣ የካፕቴንን ኮት አወረዱና ለበሱት።

ልክ ሆነ። ትከሻው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለው ሳይቀር ልክ ሆነ። አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ ክንዳቸው ወንጭፍ ያዞሩ ሰው ናቸው። እኔ ለካስ የሚሮጠውን ሰው ሳይሆን ቀድሜ ያየሁትን ሰው ነበር በዓይኔ የያዝኩት።

«አስምሉኝ» አሉ።

በማን ይማሉ የሚለው ደግሞ ትንሽ አከራከረ። ድሮ በንጉሥ ስም ይማል ነበር፤ ንጉሡ ወርደዋል። በደርግ እንዳይማሉ ሁላችንም ደርግን ሸሽተን ነው እዚህ ያለነው። በሱዳን መንግሥት እንዳይሆን እንግዶች ነን። በመጨረሻ በልጅ ልጃቸው ማሉ፤ ሕፃኑም በዚያው ነቅቶ አለቀሰ። ማሬ ወጣች፣ እልልታው ቀለጠ፣ ላቀው ከጫማው ላይ ዓይኑን አነሣ።

ካፕቴን የደረሰው ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ገብረ ሥላሴ ተመልሶ ሄዶ ነው ያመጣው። መድኃኒቱ አለብኝ ብሎ ማንንም አላቀፈም፤ በር ላይ ውሃ አስመጥቶ እስከ ክርኑ ሲታጠብ ቆየ። ላቀው ፎጣ ይዞ አጠገቡ ቆመ።

«አገኘሃቸው?» አለው።

«አገኘኋቸው። ድንበሩን፣ ሰቲትን ሲሻገሩ።» ውሃውን ከእጁ አራገፈ። «ማዶ ያለው ተራራ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። ወፎቹ ዝም ብለው ገቡ። እኔ ወንዙ ላይ ስደርስ ዞርኩ።»

ላቀው ፎጣውን ሰጠው። ለትንሽ ጊዜ ሁለቱም ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ፤ ከዚያ ካፕቴን ፊቱን ጠርጎ ወደ ዳሱ ገባ። ሙሽራዋን አየ፣ ሰው ሁሉ ሲበላ አየ። ግራ ገባው።

«ተጋባችሁ እንዴ? ዋሱ ማነው?»

ላቀው በአገጩ ወደ አያ ጋረደው ጠቆመ። ካፕቴን አያ ጋረደውን አየ፣ ኮቱን አየ፣ እኔን አየ።

«አልገባኝም» አለ።

«ተቀመጥ፣ ለማንም አልገባው» አልኩት።

አልተቀመጠም። ወደ አያ ጋረደው ቀርቦ እጅ ነሣ። «አያ ጋረደው፣ ቃሌን አጉድያለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን እንዲያው ልጠይቅዎት፤ ላቀው ነገ ቢያጠፋ ማንን ሊይዙ ነው?»

አያ ጋረደው ወጡ እንዳይነካው የኮቱን እጅጌ ሰብሰብ አደረጉ፣ ጠቀለሉ፣ ጎረሱ፣ ሳይቸኩሉ ዋጡ።

«ራሴን ነዋ» አሉ። «እኔ ቤት እገኛለሁ።»